በማድቤትና በፋርማሲ መካከል ያለው ዝምታ

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። በእኛ አገር ግን አንዳንዴ በሽተኛው እንዲሸሽግ የሚያደርገው ሐኪሙ ራሱ ነው። እናቴ ለጉልበቷ ሕመም ለዓመታት ዲክሎፌናክ ስትወስድ ኖራለች፤ ከኪኒኑ ጋር ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ወቅጣ በማር ትወስድ ነበር። ጨጓራዋ ደምቶ ወደ ሕክምና ስንወስዳት ይህንኑ መናገር ስትጀምር፣ ወጣቱ ሐኪም ፈገግ ብሎ «እማማ፣ ይህን ተረት ይተዉት» አላት። እናቴም ዝም አለች።

ዲክሎፌናክ ብቻውን ጨጓራን ሊያደማ ይችላል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብልም በብዛት ሲወሰዱ የደም መርጋትን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ይታመናል። የእናቴ ጥፋት ከየትኛው እንደመጣ አላውቅም። ሊያውቅ የሚገባው ሰው አልጠየቀማ!

ለመሆኑ ዕፅን ከኪኒን ጋር ማዋሐድ ተረት ነውን? የአስፕሪን ታሪክ የሚጀምረው ከአኻያ ዛፍ ልጥ ነው። ከኦፒየም ተክል የሚገኘው ኮዴይን ከፓራሲታሞል ጋር በአንድ ኪኒን ተዋሕዶ፣ 30 ሚሊግራም ከ500 ሚሊግራም ጋር፣ በሐኪም ይታዘዛል። ይህን ተረት የሚል የለም። በዚህ ኪኒንና በእናቴ ሙቀጫ መካከል ያለው ልዩነት ተክል መሆን አለመሆን ሳይሆን መጠኑ መለካቱ፣ ጉዳቱም መታወቁ ነው።

በሌላው ጽንፍ ደግሞ «ተፈጥሮ አይጎዳም» እያሉ የሚነግዱ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር «አርትሪ ኪንግ» ስለተባለ የመገጣጠሚያ ሕመም ማስታገሻ አስጠንቅቆ ነበር። በተፈጥሯዊነት የሚሸጠው ይህ ምርት በመለያው ላይ ያልተጻፉ ዲክሎፌናክና ዴክሳሜታዞን ተገኝተውበታል። ዕፅ ነው ብሎ የገዛ ሰው ሳያውቅ ኪኒን ሲውጥ ከረመ ማለት ነው። የሐኪሙ ንቀትና የነጋዴው ውዳሴ ልዩነት ያላቸው ይመስላሉ፤ ሁለቱም ግን በሽተኛውን በጨለማ ያስቀምጡታል።

መንግሥትስ? እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የጤና ፖሊሲ ለባህላዊ ሕክምና ጠቃሚ ጎኖች ትኩረት እንደሚሰጥና ደረጃ በደረጃ ከዘመናዊው ጋር እንደሚያቀናጅ ቃል ገብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል። የእናቴ ሐኪም ግን «ሌላ ምን ይወስዳሉ?» የምትለዋን አንዲት ጥያቄ እንኳ አልተማራትም።

እኛ የዩኒቨርሲቲ ሰዎችም ከወቀሳው ነፃ አይደለንም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያስተዋሉት ሴቶች ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ነው፤ ያዩትንም ወደ ቤተ ሙከራ ወሰዱት። እኛ ግን ስለ ዳማከሴና ስለ ጤና አዳም የምንጽፈው ለደረጃ ዕድገት ነው፤ ጽሑፉ ዕፁን ወዳሳየችን እናት ደጃፍ አይመለስም።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። ሐኪም ይጠይቅ፣ በሽተኛም ሳይፈራ ይናገር። ነጋዴ በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ሁሉ በመለያው ላይ ይጻፍ፤ ያልጻፈም ይጠየቅ። ተመራማሪም ሕዝቡ በየዕለቱ የሚቀላቅለውን ይፈትሽ። እናቴ ተርፋለች። አሁንም ነጭ ሽንኩርቷን ትወቅጣለች፤ ለሐኪም ግን ከእንግዲህ አትናገርም። የሚያስፈራኝ ይኸው ነው።