ኦማሃን ሎተሪ ላሉት

ሰሞኑን የወጣ አንድ ጽሑፍ ኦማሃ ሃይ-ሎ የተባለውን የፖከር ዓይነት ከሎተሪ ለይቶ አላየውም። አልስማማም። ጨዋታው ያበሽቃል፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ጠብ የለኝም። የሚያበሽቀው ግን ሕጉ ጥብቅ ስለሆነ ነው።

በእጅ ካሉት አራት ካርታዎች የግድ ሁለቱን፣ ጠረጴዛው ላይ ከተዘረጉት አምስት ደግሞ ሦስቱን መጠቀም አለብህ። ጠረጴዛው ላይ አራት ስፔድ ወጥቶ አንተ የስፔድ አስን ብቻ ብትይዝ ፍላሽ (አምስት አንድ ዓይነት ካርታ) የለህም። ከእጅ አንድ ካርታ ብቻ መጠቀም የሚፈቅደውን ቴክሳስ ሆልደም የተባለ ፖከር የለመደ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው እዚህ ነው፤ ጥፋቱ የዕድል አይደለም።

ጸሐፊው «አሸንፎ መክሰርን» እንደ በደል ቆጥረውታል። በዚህ ጨዋታ የተሰበሰበው ገንዘብ ለትልቁና ለትንሹ እጅ እኩል ይከፈላል። ሒሳቡ ይታይ፦ ሁለት ተጫዋቾች መቶ መቶ ዶላር አስገቡ እንበል። ሁለቱም አስና ሁለት ይዘው ትንሹን እጅ ቢጋሩ፣ ትልቁን እጅ ያሸነፈው 150 ይወስዳል፤ ለሌላው ከ200ው 50 ይደርሰዋል። ይህ ሕግ ካርታ ከመታደሉ በፊት የሚታወቅ ነው። ስለዚህ ነው የበሰለ ተጫዋች አስና ሁለትን ብቻ ተማምኖ ገንዘብ የማይከምረው፤ ለትልቁ እጅም የሚሆን ካርታ አብሮ ይፈልጋል።

ዕድል የለበትም አላልኩም። ግን እባክዎ፣ ጨዋታውን ከመኮነንዎ በፊት ሕጉን ይማሩ።