ከማጣሪያው ያላለፈው ሯጭ

ማለዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው በባሕር ዛፉ መካከል የሚሮጡ ወጣቶችን ሳያይ አይመለስም። ስለ ሩጫ በተነሣ ቍጥር ሁላችንም አስቀድመን የምንጠራው የአበበ ቢቂላን ስም ነው፤ ይገባዋልም። እኔ ግን ለእኛ ለተማሪዎች ይበልጥ የሚያስተምረን የማሞ ወልዴ ታሪክ ነው ብዬ አምናለሁ።

ማሞ በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በሜልቦርን ኦሊምፒክ በ800 እና በ1,500 ሜትር ሮጦ ከማጣሪያው አላለፈም። አበበ ሮም ላይ ድል ሲያደርግ እርሱ ከተወዳዳሪዎቹ መካከል አልነበረም። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ በ10,000 ሜትር 4ኛ ወጣ፤ ማራቶኑን ግን ጀምሮ አልጨረሰም። ያን ጊዜ ዕድሜው 32 ዓመት ነበር። «ይብቃህ» ቢሉት ማን ይፈርድባቸው ነበር?

በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ በመጀመሪያ በ10,000 ሜትር የብር ሜዳልያ አገኘ። ከሳምንት በኋላም፣ አበበ በእግሩ ሕመም ምክንያት ማራቶኑን ሲያቋርጥ፣ ማሞ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰኮንድ ገብቶ የማራቶንን ወርቅ ለሦስተኛ ጊዜ ለአገራችን አስገኘ። ሁለተኛው ሯጭ የደረሰው ከ3 ደቂቃ በኋላ ነው።

«የረዳው የሜክሲኮ ከፍታ ነው» የሚሉ አሉ። በከፍተኛ ቦታ መኖሩ እንደ ጠቀመው አልክድም። ነገር ግን በ1964 ዓ.ም. የመጨረሻ ቀን፣ ከፍታ በማይረዳበት በሙኒክ፣ በ40 ዓመቱ ማራቶን ሮጦ 3ኛ ወጥቷል። ይህ የብዙ ዓመት ትዕግሥት ፍሬ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ የራሴ ጥፋት ነው። ባለፈው ዓመት በስፖርት ቀን አንድ የክፍላችን ልጅ መጨረሻ ሲገባ ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርኩ። ልጁ ከዚያ ወዲህ ወደ ሜዳው ብቅ አላለም። ዘንድሮ እኔ ራሴ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄ እጠራዋለሁ።

መምህራኖቻችንንም የምለምነው፣ የትምህርት ቤታችን ቡድን በአንድ ውድድር ብቻ እንዳይመረጥ፣ ወደ ኋላ የቀረውም በዓመቱ መጨረሻ እንደ ገና እንዲሞከር ነው። ውድ ወላጆቻችን ሆይ፣ እናንተም የአንድ ሴሚስተር ውጤት አይታችሁ ተስፋ አትቍረጡብን። ከሜልቦርን እስከ ሜክሲኮ 12 ዓመት ነው፤ እኛ የምንለምነው አንድ ዓመት ብቻ ነው።