ላላ ያለችው ታንኳ

ለሥራ ባሕር ዳር ሄጄ ለልጄ ከደንገል የተሠራች ትንሽ ታንኳ ገዛሁለት። ቡታጅራ ቤታችን ሳፋ ላይ ሲያንሳፍፋት የኋላ ጫፏ ላልቶ ውኃ ውስጥ ዘመመ።

«እማዬ፣ ላስተካክላት?»

«ተው፣ ታበላሻታለህ!» አልኩት፤ የከፈልኩት ብር ታይቶኝ። ፊቱ ጠቆረ።

ማታ የ«ራ» ታሪክ ትዝ አለኝ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 ከጣና በተወሰደ ደንገል ጀልባ አሠርቶ ከሞሮኮ አትላንቲክን ሊሻገር ተነሣ። በጥንት ግብፃውያን ሥዕሎች ላይ የተቆለመመውን የኋላ ጫፍ ከወለሉ ጋር የሚወጥር ገመድ ይታያል፤ በ«ራ» ላይ ግን ትርፍ መስሎ ቀረ። ኋላዋ እየሰመጠ ስላስቸገረ ከመድረሻዋ ሳትደርስ ተተወች። በ1970 ተሻሽላ የተሠራችው «ራ 2» በ57 ቀናት ባርቤዶስ ገባች።

በማግስቱ የእንሰት ቃጫ ሰጠሁት። የኋላ ጫፏን ወደ ላይ ስቦ አሰረው። የመጀመሪያው ቋጠሮ ተፈታ፤ ሁለተኛውም ተፈታ፤ ሦስተኛው ያዘ። ታንኳዋ እንደ ቀድሞዋ አታምርም፤ ግን ቀጥ ብላ ትንሳፈፋለች። እሱም «የኔ ታንኳ» ማለት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

እናንተስ፣ ልጃችሁን «እንዳትነካ» ያላችሁት ዕቃ ቤታችሁ ውስጥ የለም?