ሰማይ ላይ ያለችው ላም

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል ያገራችን ሰው። በየዓመቱ የመመረቂያ ሥራችንን አስጠርዘን ለመምህራን የምናስረክብ ተማሪዎች፣ ይህ ተረት ስለ እኛ የተነገረ መሆኑን ብናውቅ መልካም ነው። በጥራዙ ውስጥ የመሣሪያው ሥዕል አለ፤ የገበያው ጥናት አለ፤ በአምስት ዓመት የሚገኘው ትርፍም በሠንጠረዥ ተደርድሯል። የጐደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ዕቃው ራሱ።

ከጓደኞቻችን ብዙዎቹ ከተመረቁ በኋላ ተቀጣሪ ከመሆን የራሳቸውን ኩባንያ መጀመር ይመኛሉ። ምኞቱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ባለ ገንዘቡ ፊቱን ሲያዞርባቸው «ያገራችን ሀብታም ከሕንፃና ከሸቀጥ በቀር አያምንም» ብለው ያማርራሉ። በዚህ ወቀሳ ውስጥ እውነት የለም አንልም። ይሁንና አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፤ ሰው ያላየውን እንዴት ይመን? በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ ገበሬ፣ ሻጩ ስለ በሬው ጉልበት የሚያወራውን ሰምቶ ብቻ ገንዘቡን አይቈጥርም። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ወዲያና ወዲህ አስነድቶ አረማመዱን ይመለከታል። ገበሬው ለአንድ በሬ ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ ባለ ገንዘቡ ለወረቀት ለምን አይጠነቀቅ?

ፈረንጆች ፕሮቶታይፕ የሚሉት፣ እኛ ናሙና የምንለው ነገር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ናሙና ማለት የበሬው ጥርስ ማለት ነው። ጥቂት ምሳሌ እንጥቀስ፤ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው። በ1976 ስቲቭ ዋዝንያክ የተባለው ወጣት መሐንዲስ በካሊፎርኒያ በነበረ የኮምፒውተር ወዳጆች ክበብ ውስጥ በእጁ የሠራውን የኮምፒውተር ሰሌዳ አሳየ። ከዚያ በኋላ አንድ የሱቅ ባለቤት ሰሌዳውን በ500 ዶላር ሒሳብ 50 አዘዘ። ቀጥሎ የመጣው ማይክ ማርኩላ ገንዘቡን ለማውጣት የቈረጠው፣ ሁለተኛውን ኮምፒውተር ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ በዐይኑ ካየ በኋላ ነው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው አፕል የተነሣው እንዲህ ነው። እንደዚሁም በ1998 ሁለት የስታንፎርድ ተማሪዎች የመረጃ መፈለጊያቸውን ለአንዲ ቤክቶልስሃይም ባሳዩት ጊዜ፣ እርሱ የ100,000 ዶላር ቼክ ጻፈላቸው። ቼኩ የተጻፈው ጉግል ለተባለ ኩባንያ ሲሆን፣ ኩባንያው ገና በሕግ አልተመዘገበም ነበር። ኩባንያው አልነበረም፤ የሚሠራው ነገር ግን ነበረ።

እስከዚህ ድረስ የሚቃወመን ያለ አይመስለንም። አሁን ወደሚከብደው ነገር እንለፍ።

ናሙና ገንዘብ የሚስብ ከሆነ፣ ሐሰተኛ ናሙናም ገንዘብ ይስባል። ኒኮላ የተባለው የአሜሪካ የጭነት መኪና ኩባንያ በ2018 ከባድ መኪናው በመንገድ ላይ ሲገሰግስ የሚያሳይ ፊልም አወጣ። ያየ ሁሉ ተደነቀ። በ2020 ነገሩ ሲመረመር መኪናው የሄደው በራሱ ኃይል ሳይሆን ቁልቁለት ላይ ተለቆ እየተንከባለለ መሆኑ ታወቀ። መሥራቹ በ2022 ባለ ገንዘቦችን በማታለል ጥፋተኛ ተባለ። በ2025 የአገሩ ፕሬዚዳንት ይቅርታ አደረገለት፤ ኩባንያው ግን በዚያው ዓመት ከሰረ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት ይህ ነው።

«ይህ የሩቅ አገር ሌብነት ነው፤ እኛን ምን አገናኘን?» የሚል ጓደኛ ቢኖር፣ የራሳችንን ኀጢአት እንናዘዝለት። ባለፈው ዓመት ከእኛ መካከል አራት ሆነን የመሬቱን እርጥበት ለክቶ የመስኖ ውሃ የሚከፍትና የሚዘጋ መሣሪያ ሠራን። ለኤግዚቢሽኑ ሦስት ቀን ሲቀረው መሬት ውስጥ የሚተከሉት ሁለቱ የብረት ዘንጎች ዛጉ፤ መሣሪያው እርጥቡን ደረቅ፣ ደረቁን እርጥብ እያለ አስቸገረን። ታዲያ ምን አደረግን? ሣጥኑን አረንጓዴ ቀለም ቀባነው፤ አንዱ ጓደኛችን ከመጋረጃ ጀርባ ቆሞ ውሃውን በእጁ እንዲከፍት አደረግን። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከተመልካቾቹ አንዱ መቂ ላይ ሽንኩርት የሚያለሙ ሰው ነበሩ። ደጋግመው ካዩ በኋላ «ልጆቼ፣ ይህን ለአንድ ሳምንት አውሱኝና ማሳዬ ላይ ልሞክረው፤ ከሠራልኝ ገንዘቡን እኔ አወጣለሁ» አሉን።

አፋችን ተያዘ። መጋረጃውን ከነጓደኛችን ልናውሳቸው አንችልም። አንድ ምክንያት ፈጥረን ሸኘናቸው። ከአንድ ወር በኋላ ኅሊናችን አላስቀምጥ ቢለን ስልክ ደውለን እውነቱን ነገርናቸው። የሰጡን መልስ እስከ ዛሬ ያሳፍረናል። «የዛገ ብረትማ እኔም ቤት ሞልቷል፤ ያን ጊዜ ብትነግሩኝ አብረን መላ እንፈልግለት ነበር። አሁን ግን ሌላ ምን እንደ ደበቃችሁኝ በምን ዐውቃለሁ?» አሉን። ያጣነው ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ ዘንጉ የሚፈተሽበትን ማሳና መካሪ የሚሆነንን ሰው ጭምር ነው።

ከዚህ የተማርነው ናሙና ጌጥ ሳይሆን ጥያቄ መሆኑን ነው። የፓልም ኩባንያ መሥራች ጄፍ ሆኪንስ የኪስ ኮምፒውተሩን ከመሥራቱ በፊት በዚያው ልክ የተቈረጠ ቁራጭ እንጨት በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። ቀጠሮ ሲይዝ እንጨቱን አውጥቶ የሚጽፍበት ይመስል ነበር። እንጨቱ ምንም አይሠራም፤ ይሠራልም አላለም። የጠየቀው ጥያቄ «ሰው ይህን የሚያህል ዕቃ በኪሱ ይዞ ይዞራል ወይ?» የሚል ብቻ ነው። እንግዲህ መልኩን የሚያሳይ ናሙና አለ፤ አሠራሩን የሚያሳይ ናሙናም አለ። ሁለቱም ይጠቅማሉ። ማታለል የሚጀምረው መልኩን ብቻ ይዘን አሠራሩን ያሳየን መስለን የቀረብን እንደ ሆነ ነው።

«ናሙና ለመሥራት ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚሉ አሉ። የመጀመሪያው ናሙና ከካርቶንና ከእንጨት ሊሠራ ይችላል፤ ምናለሽ ተራ ወርዶ አሮጌ ብረት መልምሎ መግዛትም ነውር አይደለም። «ሐሳባችን ይሰረቃል» የሚሉም አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን በ1987 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር የወጣው የፈጠራ አዋጅ አነስተኛ ፈጠራዎችን ጭምር ለማስጠበቅ በር የከፈተ ነው። ስለዚህ ሥራውን ለሕዝብ ከማሳየት በፊት ስለ ማመልከቻው መጠየቅ፣ ከሥራ ጓደኞች ጋርም ድርሻን በጽሑፍ መዋዋል ይገባል። በሣጥን ተቈልፎ የሚኖር ሐሳብ ግን ሌባ ባይወስደውም ምስጥ ይበላዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የመመረቂያ ሥራ የምንጀምር ሁሉ ጥራዙን ሳይሆን ናሙናውን እናስቀድም፤ ባለ ገንዘብ ሳያየውም የሚጠቀምበት ሰው ይየው። ሁለተኛ፣ በሚቀጥለው ኤግዚቢሽን በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ «ይህ ይሠራል፤ ይህ ገና ነው» የሚል ወረቀት ይለጠፍ። ሦስተኛ፣ የተማሪዎች ማኅበራችን ዎርክሾፖቹ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ማታና ቅዳሜ ክፍት እንዲሆኑልን ለአስተዳደሩ ያመልክት። መሣሪያው ተቈልፎበት የዋለ ተማሪ ናሙና አልሠራም ተብሎ ሊወቀስ አይገባም።

እኛ አራታችን መጋረጃውን አውርደነዋል። ዘንጎቹን ለውጠን እንደገና ጀምረናል፤ ገና አልተሳካልንም። በዚህ ዓመት ግን ያልተሳካውን ይዘን እንቀርባለን፤ የመቂውንም ሰው እንጠራቸዋለን። ይምጡ አይምጡ አናውቅም፤ ቢመጡ ግን ከጀርባው የቆመ ሰው አያገኙም።