የምሰሶ መበስበስና የቅብ መድኃኒት ጥቅም

በ1887 ዓ.ም. ገደማ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የገባው ባሕር ዛፍ የብዙው ገበሬ የአጥርና የመጋዘን ምሰሶ መሆኑ ይታወቃል። ቶሎ ያድጋል፤ መሬት ውስጥ ሲተከል ግን እንደ ጥድና እንደ ወይራ አይቆይም።

ምሰሶ በይበልጥ የሚበሰብሰው እርጥበትና አየር በሚገናኙበት በአፈሩ ወለል አካባቢ ነው። እንጨቱን የሚያበሰብሰው ፈንገስ ከ20 በመቶ በታች እርጥበት ባለው ደረቅ እንጨት ውስጥ አይራባም።

ብዙ ሰው የሚጠቀመው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ውሃን ለጊዜው ቢመልስም ፈንገስንና ምስጥን ለመግደል የተዘጋጀ መድኃኒት አይደለም። በውስጡ ያሉት ጎጂ ብረቶች ግን አፈርንና የጉድጓድ ውሃን ይበክላሉ።

ለእንጨት ተብሎ የተሠራ በብሩሽ የሚቀባ መድኃኒትም ቢሆን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለሆነም እንጨቱ ተልጦ በጥላ ሥር መድረቅ፣ ቆረጣውና ብሱም ከቅቡ በፊት ማለቅ አለበት። ጫፉና ስንጥቁ ውሃ ስለሚመጥ ደጋግሞ መቀባት ያስፈልጋል። ቀቢው ጓንት ማድረግ ይገባዋል፤ ከብት የሚልሰውና እህል የሚነካው እንጨት ግን አይቀባም።

ለሚቀበር እንጨት ቅብ ብቻውን አይበቃም። የመብራት ምሰሶዎች በፋብሪካ፣ በግፊት መድኃኒት እንዲጠጡ የሚደረገውም ለዚሁ ነው። ፋብሪካ ለራቀው ማኅበር የሚበጀው ምሰሶውን በድንጋይ መሠረት ላይ ማቆም፣ የጣሪያውን ክፈፍ ማስረዘምና የዝናብ ውሃ ማፋሰሻ መቆፈር ነው። የማኅበር መሪዎች መዋጮ ከመሰብሰባቸው በፊት ይህን ቢመክሩበት የአባላቱ ገንዘብም ዛፉም ይተርፋል።