እንክብሉ ከመምጣቱ በፊት ልጁን ማን ያየዋል?

ሐምሌ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ዶርዳቪፕሮን የተባለ እንክብል ፈቀደ። እንክብሉ በካንሰሩ ሕዋስ ላይ ያለውን የዶፓሚን ተቀባይ ይዘጋል፤ የሕዋሱን ኃይል ማመንጫም ያናጋል። የተፈቀደው የተለየ የዘረመል ለውጥ ላለበትና ላገረሸ የአንጎል ዕጢ ነው፤ ከ1 ዓመት ሕፃን ጀምሮ።

ታዲያ «የልጆች አንጎል ካንሰር መድኃኒት ተገኘ» ብሎ ማብሰር ተገቢ ነው? ከተመዘኑት 50 ታካሚዎች ዕጢው የቀነሰላቸው 11 ናቸው። ከ50ዎቹም አብዛኞቹ አዋቂዎች ነበሩ። ልጆችን አብዝቶ የሚገድለው የአንጎል ግንድ ዕጢ ያለባቸው ጭራሽ ከምዘናው ውጭ ነበሩ። ለ11ዱ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን አልክድም። ግን ተስፋ ለቆረጠች እናት ይህን ሳይነግሩ ማብሰር ምን ይባላል?

እንክብሉ ነገ በነፃ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ቢራገፍስ ለማን ይታዘዛል? መጀመሪያ የዕጢው ናሙና በቤተ ሙከራ መታየት አለበት። ናሙናውን የሚያወጣው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነው፤ እሱ ደግሞ ኤምአርአይ ይፈልጋል። ኤምአርአይ እንዲታዘዝ አስቀድሞ የጠረጠረ ሰው ያስፈልጋል። የቡሬ ገጠር ልጅ ጠዋት ጠዋት ራሱን እያመመ ሲያስመልሰው፣ ሲራመድ ሲንገዳገድ ማን ይጠረጥራል? የወስፋት መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ካልተሻለው የታይፎይድ። እናቱ ከዚያ በኋላ ጠበል ብትወስደው ይፈረድባታል?

እንግሊዞች በ2011 እ.ኤ.አ. ሄድስማርት በተባለ ዘመቻ ምልክቶቹን በትንሽ ካርድ አትመው ለወላጅና ለሐኪም አደሉ። ከመጀመሪያው ምልክት እስከ ምርመራ ያለው ጊዜ ከ9 ሳምንት ወደ 7 ሳምንት ገደማ ወረደ። ይህን በአማርኛ አትሞ በየጤና ኬላው ለመለጠፍ የቱ ውድ መሣሪያ ጎደለን?

ሜዱሎብላስቶማ በሀብታም አገሮች ከ10 ልጆች 7ቱ የሚድኑበት የአንጎል ካንሰር ነው። የሚድኑት በአዲስ እንክብል ነው? አይደለም፤ በቀዶ ሕክምና፣ በጨረርና በኬሞ ነው። ጨረር ለሁለት አስርት ዓመታት በመላ አገሪቱ በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከፍኖተ ሰላም 390 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዓባይ በረሃን አቋርጦ። ሕክምናው ስድስት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሲሰጥ ገበሬው አባት የት ያድራል? ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ግጭት መንገዱ በተዘጋ ቁጥርስ ልጁ ምን ይሁን?

የክልሉ ጤና ቢሮ ኃላፊዎች፣ እንክብሉን መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። ካርዱን ዘንድሮ አሳትሙ፤ ለሪፈር ታካሚ ልጅና ለአስታማሚው የማደሪያና የመጓጓዣ በጀት ያዙ።