ግድቡ ተመርቋል፤ ለቤተሰብ ጄኔሬተር መግዛት ለምን አስፈለገ?

የታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ከሪያድ እስከ ዱባይ፣ ከኩዌት እስከ ቤይሩት ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ደስታው የራሳቸው ነበር። ብዙዎቹ ከወር ደመወዛቸው ቀንሰው ቦንድ ገዝተውለታል። ሆኖም ከምረቃው በኋላም ከአገር ቤት የሚመጣው ስልክ “መብራት ጠፍቶ ስልኬ ተዘግቶብኝ ነው” በሚል ምክንያት መጀመሩ አልቀረም። በዚህም የተነሳ ለወላጆች ወይም ለእህት ሱቅ አነስተኛ ጄኔሬተር ገዝቶ የመላክ ሐሳብ ዛሬም በብዙ ሠራተኞች ዘንድ አለ። ጉዳዩ የዓመት ቁጠባን የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ከግዢው በፊት የኃይል መቆራረጡን ምንጭና የመሣሪያውን ባሕርይ መረዳት ተገቢ ነው።

ማመንጨት ሌላ፣ ማድረስ ሌላ

ግድቡ በ13 ተርባይኖች 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይሁን እንጂ ጉባ ላይ የመነጨው ኃይል አንድ ቤት እስኪደርስ ድረስ በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር፣ በማከፋፈያ ጣቢያ፣ በሰፈር ትራንስፎርመርና በምሰሶ ላይ ሽቦ ማለፍ አለበት። ኃይል የማመንጨቱና በትልልቅ መስመሮች የማስተላለፉ ሥራ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሲሆን፣ ለደንበኛው የማከፋፈሉ ሥራ ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው።

በከተማ የሚኖር ቤተሰብ መብራት የሚያጣው በአብዛኛው በዚህ ጉዞ መጨረሻ ላይ ባለ እክል ነው፤ ትራንስፎርመር ከአቅሙ በላይ ይጫንበታል፣ ያረጀ ምሰሶ ይወድቃል፣ በክረምት የዛፍ ቅርንጫፍ ሽቦ ይበጥሳል። ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ገና ኤሌክትሪክ ያላገኘ በመሆኑ፣ ተቋሙ አዲስ መስመር የመዘርጋትና አሮጌውን የማደስ ድርብ ሸክም አለበት። ስለሆነም የመጠባበቂያ ኃይል ጥያቄ በግድቡ ምረቃ ብቻ የሚዘጋ አይደለም፤ ለዓመታት አብሮ ይቆያል።

የቤይሩት ትምህርት

የቤት ጄኔሬተርን ስሌት በቤይሩት የሠራች ኢትዮጵያዊት ከማንም በላይ ታውቀዋለች። በሊባኖስ የመንግሥት ኃይል ለረጅም ዓመታት የተቆራረጠ በመሆኑ፣ ነዋሪው ከሰፈር ጄኔሬተር ባለቤቶች በአምፔር እየተመዘነ ኃይል ይገዛል፤ ውሉም “ኢሽቲራክ” ይባላል። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ሁለቱ ዋና ዋና የኃይል ማመንጫዎች ነዳጅ ጨርሰው የአገሪቱ መረብ ሙሉ በሙሉ በጠፋ ጊዜ መብራት የነበረው ይህ ውል ያለው ቤት ነበር።

5 አምፔር ያለው ቤት ማግኘት የሚችለው 1,100 ዋት ያህል ነው። ካውያ ሲተኮስ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ከተነሳ ማቋረጫው ይወድቃል፤ ስለዚህ የቤት ሠራተኛዋ የትኛውን አጥፍታ የትኛውን እንደምታበራ ጠንቅቃ ታውቃለች። ጄኔሬተር የሚመረጠውም በዚሁ ጥበብ ነው፤ አስቀድሞ የሚቆጠረው በአንድ ጊዜ መሥራት ያለበት ዕቃ ነው።

አምስት የኤልኢዲ አምፖሎች 50 ዋት፣ ቴሌቪዥን 80 ዋት፣ የስልክና የኢንተርኔት ዕቃዎች 30 ዋት ቢወስዱ፣ ማቀዝቀዣው ደግሞ 150 ዋት ቢጨምር፣ ድምሩ 310 ዋት ነው። ነገር ግን የማቀዝቀዣው ሞተር በሚነሳበት ቅጽበት ከመደበኛው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ስለሚስብ፣ ለዚያ ቅጽበት 1,000 ዋት ያህል መያዝ ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ይፈልጋል። ምጣዱን ከስሌቱ ያወጣ ቤተሰብ በእጅ በሚነሳ አነስተኛ ጄኔሬተር ይበቃዋል፤ ምጣዱን ያስገባ ግን ዋጋውም፣ ክብደቱም፣ ነዳጁም በብዙ እጥፍ ይጨምርበታል።

በካርቶኑ ላይ ያልተጻፈው

በባህረ ሰላጤው ገበያ የሚሸጥ ጄኔሬተር ካርቶን ላይ በትልቁ የሚታየው ቁጥር ብዙውን ጊዜ መሣሪያው ለጥቂት ቅጽበት ብቻ የሚሰጠው ከፍተኛ ኃይል ነው። ገዢው መጠየቅ ያለበት ለሰዓታት ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ከፍታ ነው። የነዳጅ ሞተር አየር ይተነፍሳል፤ አየሩ በሳሳ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል። በተለመደው ስሌት በየ300 ሜትሩ ከ3 እስከ 4 በመቶ ያህል ይጠፋል። በዱባይ ባሕር ዳርቻ 2,000 ዋት የሚሰጥ ጄኔሬተር ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ 1,500 ዋት ቢሰጥ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ ጉዳቱ በግማሽ ይቀንሳል። ለደጋ አገር የሚላክ መሣሪያ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው የነዳጅ ቀዳዳ በባለሙያ ቢስተካከልለት ጭሱም የነዳጅ ፍጆታውም ይቀንሳል።

ሦስተኛው ጉዳይ በተለይ በሳዑዲ ዓረቢያ የሚኖሩትን ይመለከታል። የኢትዮጵያ መረብ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ኤምሬትስ፣ ኩዌት፣ ኳታርና ኦማን በ50 ኸርዝ ሲሠሩ፣ የሳዑዲ መረብ 60 ኸርዝ ነው። ለሳዑዲ ገበያ የተሠራ ጄኔሬተር ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ፣ ለ50 ኸርዝ የተሠራ የማቀዝቀዣና የውኃ ፓምፕ ሞተር ከሚገባው ፍጥነት በላይ እንዲሽከረከር ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ከመክፈል በፊት ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን የብረት ሰሌዳ ማንበብ ይገባል።

ነዳጅ ወይስ ባትሪ?

የጄኔሬተር ዋጋ በግዢው ቀን አያበቃም። አነስተኛው ጄኔሬተር በቀላል ጭነት በሰዓት ግማሽ ሊትር ቤንዚን ይጨርሳል ቢባል፣ በቀን ሦስት ሰዓት የሚሠራ መሣሪያ በወር 45 ሊትር ይፈልጋል። በኢትዮጵያ የቤንዚን ዋጋ ከጥር 2017 ዓ.ም. ወዲህ በሊትር ከ100 ብር በላይ በመሆኑ፣ ይህ ቤተሰብ በወር ከ4,500 ብር በላይ ለነዳጅ ያወጣል። በአካባቢው ያለው ማደያ በጀሪካን የሚቀዳ መሆን አለመሆኑም አስቀድሞ መጣራት አለበት።

መብራት በየቀኑ ለጥቂት ሰዓታት ጠፍቶ ለሚመለስበት ቤት ባትሪና ኢንቨርተር የተሻለ አማራጭ ሊሆኑ ይችላሉ። የ12 ቮልትና የ100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹ ብቻ ቢወሰድ እንኳ ከላይ የተጠቀሱትን አምፖሎች፣ ቴሌቪዥንና ስልክ ለሦስት ሰዓት ያህል ያንቀሳቅሳል። ድምፅና ጭስ ስለሌለው በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ቤተሰብ የሚስማማውም ይኸው ነው። ጄኔሬተር የሚያዋጣው መብራት ለቀናት በሚጠፋበት ቦታ፣ ወይም ሥጋና ወተት የሚያቀዘቅዝ ሱቅና የጉድጓድ ውኃ ፓምፕ ላለው ሰው ነው።

በማጓጓዝ ረገድም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አየር መንገዶች ነዳጅ የነካውን ሞተር እንደ አደገኛ ጭነት ይመለከቱታል። ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ትርፍ የሊቲየም ባትሪም በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀድም። በእነዚህ ምክንያቶች ገንዘቡን ልኮ ዕቃውን ጥገናና መለዋወጫ ባለበት በአገር ቤት ማስገዛት ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

ከዋጋ በላይ የሆነው

በዝግ ቤት የከሰል ጭስ ሰው እንደሚገድል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ከጄኔሬተር የሚወጣው ገዳይ ጋዝም ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ቀለምም ሽታም የለውም። በየካቲት 2013 ዓ.ም. በአሜሪካ ቴክሳስ በከባድ ብርድ መብራት በጠፋ ጊዜ፣ በቤትና በጋራዥ ውስጥ ጄኔሬተርና መኪና ያስነሱ ሰዎች በዚህ ጋዝ ሞተዋል፤ ከሟቾቹ መካከል የኢትዮጵያ ተወላጆችም ነበሩ።

ስለሆነም ጄኔሬተር በክፍል፣ በማድ ቤት፣ በበረንዳም ሆነ በደረጃ ሥር አይነሳም። ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ የጭስ ማውጫው ወደ ሜዳ ዞሮ መቀመጥ አለበት። ቤንዚን የሚጨመረውም ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ጄኔሬተሩን በግድግዳ ሶኬት በኩል ከቤቱ መስመር ጋር ማገናኘትም የሰው ሕይወት ያስከፍላል። ኃይሉ ወደ ሰፈሩ ትራንስፎርመር ተመልሶ ከ220 ወደ 15,000 ቮልት ሊያድግና መስመር ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። ይህን የሚከላከለው ባለሙያ የሚገጥመው መቀየሪያ ነው፤ ገንዘብ ካልበቃ ዕቃዎቹን በማራዘሚያ ገመድ በቀጥታ ከጄኔሬተሩ ማገናኘት ይቻላል።

በመሆኑም ገንዘብ ከመላክ በፊት ለቤተሰብ ሦስት ጥያቄዎች ሊቀርቡ ይገባል፦ መብራት በሳምንት ስንት ሰዓት ይጠፋል? በዚያ ሰዓት የግድ መሥራት ያለበት ዕቃ የትኛው ነው? ሞተሩ ከመኝታ ቤት ርቆ የሚቀመጥበት ግቢ አለ? ለሦስተኛው ጥያቄ መልሱ “የለም” ከሆነ፣ ጄኔሬተሩ የቱንም ያህል ቢረክስ ለዚያ ቤት አይገዛም።